ጥጉ የታጠፈ ካርድ

ትንሳኤ ባይሳ በአምቦው ክሊኒክ የካርድ ክፍል መስኮት ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትቀመጥ የበሽተኛን የመጀመሪያ መልስ አምና አታውቅም።

«እንዴት አደሩ?» ትላለች መጀመሪያ።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል የመጣው ሰው። ትኩሳት የሚያንቀጠቅጠውም፣ ከጋሪ ወድቆ ትከሻው የወለቀውም፣ ምጥ የያዛትም ሴት እንዲሁ ነው የሚሉት። ሰላም ላለ ሰው ገና አፉን ሳይከድን ሕመምን ማራገፍ ያሳፍራል። ትንሳኤም ብትሆን ስትጠየቅ የምትመልሰው ያንኑ ነው። ስለዚህ ስምና ቀበሌ ትጠይቅና፣ እየጻፈች፣ ቀና ሳትል፣ «የቤት ሰውስ? ከብቱስ?» ትላለች። ሰውየው ከብቱም ደህና መሆኑን ይናገራል። ከዚያ እስክሪብቶዋን ታስቀምጣለች፤ ዓይን ዓይኑን ታያለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋም «አሁን እውነቱን ይንገሩኝ» ትላለች።

እውነቱ የሚወጣው ያኔ ነው። አንድ ጊዜ ከጊንጪ የመጣች ሴት በመጀመሪያ ደህና ነኝ አለች፤ በሁለተኛው እሾህ ሳይወጋኝ አልቀረም አለች፤ በሦስተኛው ነጠላዋን ከእግሯ ላይ ገለጥ አድርጋ «እባብ ነው መሰለኝ» አለች። እግሩ እስከ ጉልበት አብጦ ነበር።

እንዲህ ላለው ሰው ትንሳኤ ካርዱን ከመስጠቷ በፊት ጥጉን ታጥፍለታለች። ምንም ደንብ የለውም፤ የጻፈውም ያዘዘውም የለም። የቀድሞዋ ነርስ ግን ጥጉ የታጠፈ ካርድ ስታይ ከሥር አውጥታ ከላይ ታስቀምጠው ነበር። ሁለቱ ስለዚህ ጉዳይ ተነጋግረው አያውቁም፤ ነርሷም ጡረታ ስትወጣ ለማንም ሳትናገር ወጣች።

በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ኤልያቄም የሚባል ወጣት ከአዲስ አበባ መጣ። ሥራው ማሽን መሥራት ሳይሆን፣ እሱ እንደሚለው፣ ማሽንና ሰው የሚገናኙበትን ማበጀት ነው። ክሊኒኩ ከመስኮቱ ፊት ለፊት የሚቆም፣ በጣት የሚነካ ማሽን ሊያስገባ ነበርና ያንን ሊያሰናዳ ነው የመጣው። ሳቂታ ልጅ ነው፤ ትዕቢት የለበትም። ሦስት ቀን ከትንሳኤ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እየተመለከተ ማስታወሻ ያዘ።

«ዓላማው ምን መሰለሽ፣ እትዬ ትንሳኤ» አላት በመጀመሪያው ቀን። «ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ሳይፈራው እንዲጠቀምበት። ለመልመድ የማያስቸግር፣ ቶሎ የሚያደርስ፣ ቢሳሳቱበት የማይቆጣ። ማሽን መሆኑ እንዲረሳ ነው የምፈልገው።»

«ጥሩ ሐሳብ ነው» አለች ትንሳኤ።

«ለአንድ ሰው አራት ደቂቃ ትፈጂያለሽ። ለክቼዋለሁ። ሁለቱ ደቂቃ ሰላምታ ነው።»

«ታዲያ ሰላም ሳልለው ካርድ ልወርውርለት?» ብላ ሳቀች።

እሱም ሳቀ፤ ሳቁን ሳይጨርስም ጻፈው። በሁለተኛው ቀን አንድ ካርድ ስታጥፍ አየና «ይሄን ለምንድን ነው የምታጥፊው?» አላት። ትንሳኤ አፈረች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የክሊኒኩን ንብረት ስታጣጥፍ የኖረች መሰላት።

«ልማድ ነው» አለችው።

እሱም ልማድ ብሎ ጻፈ።

ማሽኑ በታኅሣሥ መጣ። ቁመቱ የሰው ደረት ያህላል። ሰው ሲቀርበው መስታወቱ ይበራና በሴት ድምፅ በኦሮምኛም በአማርኛም ሰላም ይላል፤ «አከም ጂርቱ? እንዴት ነዎት?» ይላል። ሦስት ፊቶች ይወጣሉ፦ አንዷ ፈገግ ያለች፣ አንዷ ዝም ያለች፣ አንዷ የምታለቅስ። ፈገግ ያለችውን የነካ አረንጓዴ ወረቀት ይወጣለታል፤ ተራውን ይጠብቃል። ዝም ያለችውን የነካ ቢጫ ያገኛል። የምታለቅሰውን የነካ ቀይ ወረቀት ይዞ በቀጥታ ወደ ነርሷ ይገባል።

«ሰላምታውን ካንቺ ነው የወሰድኩት» አላት ኤልያቄም በኩራት። «ሰው ሰው እንዲሸት ብዬ።»

ትንሳኤ ሦስቱን ፊቶች አየች። ፈገግ ያለችውን ደጋግማ አየቻት።

ለሙከራ አሥራ ሁለት ሰው ከወረፋው ተጠርቶ ነካካው። ሲጨርሱ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሳሙና ተሰጣቸው። ኤልያቄም በእጁ ወረቀት ይዞ «እንዴት ነው? ያስቸገረዎት ነገር አለ?» እያለ ጠየቀ። አሥራ ሁለቱም ጥሩ ነው አሉ። አንዷ እናት «እጅህ ይባረክ፣ የኔ ልጅ» ብላ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። አገር አቋርጦ የመጣን፣ ሳሙና የሰጠን እንግዳ ማን ነው ማሽንህ አልገባኝም የሚለው?

በመጨረሻ ወደ ትንሳኤ ዞረ። የክሊኒኩ ኃላፊ እጁን ኪሱ ከትቶ አጠገቡ ቆሟል።

«አንቺስ፣ እትዬ? ሰዉን ከማንም በላይ የምታውቂው አንቺ ነሽ። እንዴት ነው?»

ሰው ለሰላምታ የሚሰጠውን መልስ ለሕመሙ መልስ አድርገህ እንዳትወስድበት፣ ልትለው ፈለገች። ነገር ግን ማሽኑ የቆመው እሷን ከወንበሯ ሊተካ ነው። ከእንግዲህ ከኋላ ባለው ክፍል ተቀምጣ የድሮ ካርዶችን ወደ ኮምፒውተር እንደምትገለብጥ ተነግሯታል። አሁን ማሽኑ አይረባም ብትል ወንበሯን የሙጥኝ ያለች ይመስልባታል። ኃላፊው ደግሞ ያንን ቃል የሚጠብቅ ይመስል አፍ አፏን ያያል።

«ጥሩ ነው» አለች። «በርቱ።»

ኤልያቄም ጻፈ።

*

የኋላው ክፍል መስኮት የለውም። ትንሳኤ ከጠዋት እስከ ማታ የድሮ ካርዶችን ስትገለብጥ አንዳንዱ ላይ የራሷን እጥፋት ታገኛለች። ጥጉ ቢጫ ሆኖ፣ አቧራ ይዞ፣ እንደታጠፈ ተቀምጧል። ኮምፒውተሩ ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ የሚሞላበት ቦታ አለ፤ ለእጥፋት የሚሆን ቦታ የለም።

ወሬ የሚያመጣላት የጥበቃ ሠራተኛው አብራር ነው። ሻይ ሲጠጣ በሩን ከፈት አድርጎ ይቆማል።

«ያንቺ ምትክ ዛሬም ሲቀባጥር ዋለልሽ» ይላታል።

«ተው፣ ጋሽ አብራር።»

«ወላሂ! ስገባ እንዴት ነዎት፣ ስወጣ እንዴት ነዎት። ሚስቴ እንኳ እንደዚያ ጠይቃኝ አታውቅም።» ከዚያ ሳቁን ይተውና «ግን ሁሉም ሳቂታዋን ነው የሚነኩት» ይላል። «ትናንት አንዱን በቃሬዛ አመጡት። በቃሬዛ! የተሸከሙት ሰዎች ጣቱን ይዘው ሳቂታዋን አስነኩት።»

«ንገራቸዋ!»

«እኔ ምን ቤት ነኝ? አስታምም ተብዬ ነው የተቀጠርኩት? ጠብቅ ነው የተባልኩት።»

በጥር መጨረሻ ትንሳኤ ቆረጠችና ለኤልያቄም ደወለችለት።

«እትዬ ትንሳኤ! እንዴት ነሽ? ማሽኑስ?»

«ደህና ነው» አለች አፏ፣ እሷ ሳታዝዘው። «አንድ ነገር ግን…»

«እኔም ልነግርሽ ነበር እኮ! የወሩን ቁጥር አይተሻል? ከመቶ ዘጠና አራቱ ፈገግ ያለችውን ነው የነኩት። ዘጠና አራት! ሌላ ቦታ እንዲህ አላየሁም። ሰዉ ወዶታል።»

የበሽተኛውን መልስ የማሽኑ ምስጋና አድርጎታል። ከየት ይጀመራል? በስልክ የሚሆን አልመሰላትም። በሚቀጥለው ወር ማሽኑን ሊያይ ሲመጣ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ ብላ «ጎሽ፣ እሰይ» አለችና ዘጋች።

*

አባቷ ኦቦ ባይሳ የሚኖሩት ጎጆ በምትባል ከተማ ዳር፣ ድንችና ገብስ በሚበቅልበት ብርድ አገር ነው። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ሌሊቱን ደረታቸውን ጨምድዷቸው አደረ። ለማንም አልተናገሩም። ጎህ ሲቀድ ለልጃቸው ድንች በማዳበሪያ ጆንያ ሞልተው፣ በአይሱዙ እስከ ጊንጪ፣ ከጊንጪም በሚኒባስ አምቦ ገቡ። ሦስት ሰዓት ላይ ክሊኒኩ በር ደረሱ። አልደወሉላትም። ሥራ ላይ ናት።

የሆነውን ሁሉ በኋላ የነገራት አብራር ነው፤ የነገራትም እየተቆራረጠ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነው።

ማሽኑ በኦሮምኛ ሰላም ሲላቸው ኦቦ ባይሳ ቆሙ። ጆንያውን መሬት አስቀመጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ነጋ ዳ፣ ገለታ ዋቃ» አሉት፤ ሰላም ነው፣ ፈጣሪ ይመስገን። ከዚያም ለሰላምታው የሚገባውን፣ ፈገግ ያለችውን ፊት ነኩ። አረንጓዴ ወረቀት ወጣ። ስልሳ አንድ ቁጥር።

«ልጄ አለች?» ብለው አብራርን ጠየቁት።

«አለች፣ ኦቦ፤ ከኋላ ናት። ልጥራልዎት?»

«ተዋት፣ ሥራ አታስፈታት። ተራዬ ሲደርስ አያታለሁ።»

«እሺ» አለ አብራር። ሌላ ሰው ሊፈትሽ ሄደ።

ትንሳኤ ስድስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ውኃ ልትቀዳ ወጣች። መጀመሪያ ያየችው ጆንያውን ነው። አፉ የታሰረው በቀይ የክር ገመድ ነው፤ እናቷ በሕይወት ሳለች የጠመጠመችውን ገመድ አባቷ ለሌላ ነገር አውጥተው አያውቁም። ከጆንያው ቀና ስትል አባቷ አግዳሚው ላይ ጭንቅላታቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። አረንጓዴዋን ወረቀት እንዳትጠፋባቸው በሁለት እጃቸው ይዘዋታል። ግድግዳው ላይ ተራ የሚያሳየው ቁጥር ገና አርባ ሰባት ይላል።

«አባዬ! እንዴት ነህ?»

«ደህና ነኝ፣ ልጄ። ተመስገን።»

ተንበረከከች። እጃቸውን ያዘች፤ በረዶ ሆኗል። «አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ።»

ኦቦ ባይሳ አዩዋት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህን ጥያቄ የሌሎችን አባት ስትጠይቅ ኖራለች።

«ትንሽ… ደረቴን» አሉ። «ከሌሊት ጀምሮ።»

ጮኸች። አብራር ሮጦ መጣ፤ ተሸክመው አስገቧቸው። ሐኪሙ የሚችለውን አደረገ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ወጣና «ጠዋት ቢገቡ ኖሮ…» አለ።

አብራርን ውጭ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብሎ አገኘችው።

«አንዴ ብቻ ጠየቅኋቸው» አለ። «ልጥራት ወይ አልኳቸው፤ ተዋት አሉኝ፤ ተውኳት። ድሮ ቢሆን ኖሮ እምቢ ብዬ እጠራሽ ነበር። ሰው አንዴ ተው ስላለ ይተዋል? ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ትንሳኤ። ከዚያ ዕቃ ጋር ስውል እንደሱ ሆኛለሁ።»

*

ኤልያቄም ጎጆ ከተማ ድረስ ለለቅሶ መጣ። ከኃላፊውና ከሌሎች ሠራተኞች ጋር ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ፣ ፈራ ተባ እያለ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ወደ ትንሳኤ ጠጋ አለ።

«እንዴት ነሽ፣ እትዬ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ጎበዝ። በርቺ» አለ። ትከሻው ሲላላ ታየ።

ትንሳኤ ጠበቀችው። ሁለተኛ ይጠይቀኝ ይሆን ብላ ጠበቀችው። እሱ ግን መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። ያኔ የሸሚዙ እጅጌ ላይ እርጥብ ቦታ አየች፤ ውኃ ያስነካው ይመስላል። ፊቱም ገርጥቷል።

«መንገዱ እንዴት ነበር?» አለችው።

«ጥሩ ነው፤ ምንም አይልም።»

«የመኪናውስ መናጥ? ብርዱስ?»

«ደህና ነው፣ ደህና ነው።»

«አሁን እውነቱን ንገረኝ፣ ልጄ።»

ኤልያቄም ቀና አለ። ዓይኗን አይቶ ሊዋሽ አልቻለም። «ሦስት ጊዜ አስመለሰኝ» አለ ቀስ ብሎ። «አሁንም ያዞረኛል።»

«ታዲያ ለምን ደህና ነው አልከኝ?»

«እንዴ፣ ለቅሶ ቤት መጥቼ እኔ እንዲህ ሆንኩ እላለሁ?» ብሎ ጀመረና በመሀል ቆመ።

ትንሳኤ የነጠላዋን ጥግ ፈትታ አረንጓዴውን ወረቀት አወጣች። ስልሳ አንድ። እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«አባቴም ማሽንህ ሰላም ቢለው ሰላም ነው አለው። ባርኔጣውን አውልቆለት ነው የመለሰው።»

ኤልያቄም ወረቀቱን አገላብጦ አየ። ዘጠና አራቱ ምን እንደነበሩ ሲገባው ፊቱ ላይ ታየ። ሲናገር ግን ከአፉ የወጣው ክስ ነበር፤ ክስ ይሁን ብሎ ባያስበውም።

«ለምን አልነገርሽኝም? ጠየቅኩሽ እኮ። ጥሩ ነው አልሽኝ።»

«አንዴ ነዋ የጠየቅከኝ» አለች።

ይህን ስትል ግን መልሱ ለራሷም አልበቃትም። በዚያ ቀን የኃላፊውን ዓይን ፈርታለች፤ ወንበሯን ፈለገች እንዳትባል ፈርታለች፤ በስልክም እሰይ ብላዋለች። አባቷን ማሽኑ ብቻውን አልገደለባትም። ይህን ለማንም መናገር አልቻለችም፤ የሚጠይቃትም አልነበረም።

«በሚቀጥለው ሥሪት እናስተካክለዋለን» አለ ኤልያቄም። «ቃል እገባልሻለሁ። በሚቀጥለው።»

ለማን እንደሚያስተካክለው አልጠየቀችውም።

*

ቃሉን ጠበቀ። ከፋሲካ በኋላ ማሽኑ ሌላ ነገር ተጨመረበት። ፈገግ ያለችውን ፊት የነካን ሰው ያቺው ሴት በዚያው ድምፅ «እርግጠኛ ነዎት?» ትለዋለች፤ ሦስቱ ፊቶች እንደገና ይወጣሉ።

«አሁንስ?» አለችው ትንሳኤ አብራርን።

አብራር ሻዩን አማሰለ። «አሁን ሁለቴ ተመስገን ይሉታል። አንዲት ባልቴት ደግሞ ተቆጡ። ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ፣ ምን ሆነሻል፣ ልታሟርቺብኝ ነው ወይ አሉት።» መሳቅ ጀምሮ ተወው። «መጠየቁንማ ጠየቀ። ግን አያይም።»

በዚያው ሳምንት ትንሳኤ ከኋላው ክፍል ወንበሯን ይዛ ወጣች። ማንንም አላስፈቀደችም። ከማሽኑ አጠገብ፣ ከአግዳሚው ጫፍ አስቀመጠችና ቁጭ አለች። ኃላፊው አልፎ ሲሄድ አያት፤ የሐዘን ልብሷን አይቶ መንገዱን ቀጠለ። አረንጓዴ ወረቀት ይዘው የሚመጡትን እያስቀመጠች የቤት ሰውስ፣ ከብቱስ ትላቸው ጀመር። ከጉደር የመጣ አንድ ሽማግሌ በሦስተኛው ጥያቄ ሁለት ቀን ሽንቱ እንደተከለከለ ነገራት። ትንሳኤ ወረቀቱን ተቀብላ ጥጉን አጠፈችና ራሷ ይዛ ገባች።

አዲሷ ነርስ ዱረቲ ገና ልጅ ናት፤ ትጉ ናት። ወረቀቶቹን በቁጥራቸው ተራ ደርድራለች። የትንሳኤን ወረቀት ተቀበለችና ቁጥሩን አየች። ሃምሳ ሦስት። ተጨማድዶባት ስታየው በአውራ ጣቷ ጥጉን ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ አቃናችው፤ ከሃምሳ ሁለት ሥርም አስገባችው።

ትንሳኤ ከፊቷ አልሄደችም።

«እትዬ ትንሳኤ?» አለች ዱረቲ ቀና ብላ። «ደህና ነሽ?»

መልሱ እንደ ሁልጊዜው አፏ ላይ መጣ። ትንሳኤ ጥርሷን ነክሳ አስቀረችው።

«አይደለሁም» አለች።

ለእንዲህ ያለ መልስ ምን እንደሚባል ዱረቲን ማንም አላስተማራትም። ትንሳኤ እጇን ዘርግታ ወረቀቱን ከሥር አወጣች፤ ጥጉን መልሳ አጠፈችና ከላይ አስቀመጠችው።